ጣና ዳር አንድ ቀን፦ ነፋሱ ሳይነሳ

ባሕር ዳር ለመዝናናት የሚመጣ ዘመድ ሲደውልልኝ፣ አልጋ መያዙን ከመጠየቄ በፊት «ጠዋት ስንት ሰዓት ትነሳላችሁ?» እላለሁ። አብዛኛው ይስቃል። ዕረፍት የወጣ ሰው መቼም አርፍዶ መነሳት ያምረዋል። ጣና ግን ያረፈደ እንግዳ አይወድም፤ ጠዋት እንደ ረጋ ወተት የተኛው ውሃ ከምሳ በኋላ ሌላ ጠባይ ያመጣል። ስለዚህ የኔ ምክር ባጭሩ ይህ ነው፦ ጠዋቱን ውሃው ላይ፣ ቀትሩን ዛፍ ጥላ ሥር፣ ማታውን ዳር ዳሩን በእግር። ይህን ቅደም ተከተል ያፋለሰ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲጨቃጨቅ ይውላል።

ከመነሳታችሁ በፊት

ለዚህ ቀን የሚመረጠው ወቅት ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ነው። ዝናቡ አቁሟል፣ ምድሩ ገና አልደረቀም፣ አየሩም አይከብድም። ሰማያዊ ውሃ አያለሁ ብላችሁ ከመጣችሁ ግን ትንሽ ቅር ይላችኋል። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ክረምቱን ሙሉ አፈር ሲያወርዱ ስለሚከርሙ ሐይቁ በክረምት ማግስት ሻይ በወተት ይመስላል። ጥር ደግሞ ከተማዋ ራሷ «ጥርን በባሕር ዳር» እያለች እንግዳ የምትጠራበት የበዓል ወር ነው። ያኔ መምጣት የፈለገ አልጋውን አስቀድሞ ይያዝ። ጸጥታ ፈልጋችሁ ከሆነ ግን ጥርን ለጭፈራ ወዳዱ ተዉለት። መጋቢትና ሚያዝያ ሙቀቱ ይበረታል።

ስለ መንገዱ ሳላድበሰብስ ልንገራችሁ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ክልሉ ውስጥ ባለው ግጭት የተነሳ የመኪናው መንገድ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል። በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በየትኛውም ብትመጡ ከመነሳታችሁ በፊት ወደ ሆቴላችሁ ወይም ከተማው ውስጥ ወደሚኖር ዘመድ ደውሉና ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ማታ እስከ ስንት ሰዓት መንቀሳቀስ ይቻላል? ጀልባዎቹስ በዚህ ሰሞን የት የት ይደርሳሉ? መልሱ ካላጠገባችሁ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ አስተላልፉት። ሐይቁ የትም አይሄድም።

ቦርሳችሁ ውስጥ ሰፊ ባርኔጣ አድርጉ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ከውሃው የሚመጣው ቀዝቃዛ አየር ፀሐዩን ያስረሳችሁና ማታ አፍንጫችሁ ተልጦ ትገኛላችሁ። ለጠዋቱ ብርድ ሹራብ፣ ለቤተ ክርስቲያን ነጠላ፣ ቶሎ የሚወልቅ ጫማ፣ የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት፣ የሚጠጣ ውሃ፣ ዝርዝር ብር። ካልሲም ያዙ፤ ምክንያቱን ጫማ አውልቃችሁ ምንጣፍ ላይ ስትቆሙ ትደርሱበታላችሁ።

ጠዋት፦ ውሃው ላይ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነሱና 12 ሰዓት ሲሆን ሐይቁ ዳር ተገኙ። ቁርሱን ለኋላ አቆዩት። በዚህ ሰዓት የምታዩትን ሦስት ሰዓት ላይ የመጣ ሰው አያገኘውም። ሌሊቱን መረብ ጥለው ያደሩት ዓሣ አስጋሪዎች ይመለሳሉ፣ ፔሊካኖቹም ከጀልባ የሚወረወረውን የዓሣ አንጀት ፍለጋ እንደ ጎረቤት ድመት ይጠብቃሉ።

ታንኳ ካያችሁ ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱት። ምስማር የለውም፣ ጣውላ የለውም። የደረቀ ደንገል በእቅፍ በእቅፍ ይታሰርና አፍንጫው ወደ ላይ ተቀልብሶ ይጠፈራል፤ በቃ፣ ያ ነው። ቀዛፊው የሚቀመጠው ጀልባ ውስጥ ሳይሆን ነዶ ላይ ነው ማለት ይቻላል፤ ውሃው ከሥሩ ሽቅብ እየሰረገ ሱሪውን ያረጥበዋል። ወደብ ሲደርስ ታንኳውን ጎትቶ ያወጣና ውሃው እንዲንጠፈጠፍ ያቆመዋል፤ ካልደረቀ እየከበደ ሄዶ ይሰጥማልና። ይህን ሥራ ከሁሉ በላይ የሚያውቁት ከጥንት ጀምሮ በሐይቁ ዳር የኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ደንገሉ ግን ዳርቻው እየታረሰና እየተገነባበት ከዓመት ዓመት እየሳሳ ነው። ፎቶ ማንሳት ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ «እንደምን አደሩ» በሉ፣ ጠይቁ፣ ከዚያ አንሱ።

ቀጥሎ የሞተር ጀልባ መከራየት ነው። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ዋጋው የጀልባው በሙሉ ነው ወይስ በነፍስ ወከፍ? ጀልባው እናንተን ስንት ሰዓት ይጠብቃል? የት የት ይቆማል? ይህ ሁሉ እግራችሁ ጀልባ ሳይረግጥ ያልቅ። የመንሳፈፊያ ሰደርያውን በእጃችሁ ቁጠሩ። አምስት ሰው ሆናችሁ ሰደርያው አራት ከሆነ ጀልባው የእናንተ አይደለም፤ ሌላ ፈልጉ። ሰደርያው ተቀምጦበት የሚሄድ ትራስ ሳይሆን የሚለበስ ነገር ነው፣ ልጅ ላይ ደግሞ ማሰሪያው በትክክል መጥበቅ አለበት። ከሁሉ በላይ የመመለሻ ሰዓቱን ተስማሙ። የኔ ሰዓት ቀን 6 ነው፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ላይ መገኘት አልወድም።

ምክንያቱን ላስረዳ። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ ግን እጅግ የጠለቀው ቦታ ላይ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሰፊ ሰታቴ ውስጥ ያለች ትንሽ ውሃ በሉት። ረፋዱ ላይ የዳርቻው ምድር ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል፣ አየሩ ይንቀሳቀሳል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይበረታል። ጥልቀት የሌለው ውሃ ሲነፍስበት ማዕበሉ አጫጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ ጀልባውን አያወዛውዘውም፣ ይደበድበዋል። ከዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ የመጡ አክስቴን ይዤ ዘጌ ሄጄ፣ እሳቸው ቡና ሦስተኛውን ካልጠጣሁ ብለው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመለስን። መንገዱን ሁሉ ውሃ በባልዲ እየተደፋብን ነበር የመጣነው። አክስቴ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው የጣናን ገዳማት በሙሉ በየስማቸው ሲጠሩ፣ ባለጀልባው «እማማ፣ አንዱም ይበቃል» አላቸው። እስከ ዛሬ ሐይቅ ሲነሳ ያኮርፉኛል።

አሁን ወዴት እንሂድ የሚለው ይመጣል። በጣና ላይ ከ30 የሚበልጡ ደሴቶች አሉ፤ ስለዚህ አንድ ቀን ያለው ሰው አንድ ቦታ ይምረጥ። «ሦስት ገዳም በአንድ ቀን» የሚላችሁን አትስሙት፤ ያ ሥራ ነው፣ ዕረፍት አይደለም። ዳጋ እስጢፋኖስና ናርጋ ሥላሴ ታሪካቸው ትልቅ ነው፤ ዳጋ የነገሥታት አጽም ያረፈበት፣ ናርጋ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ነው። ግን መድረሻቸው ብቻ ሰዓታት ይፈጃልና ለሌላ ጊዜ ይቆዩ። ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴት እንደማይገባባቸውም አስቀድማችሁ እወቁ። ባል ገብቶ ሚስት ጀልባ ላይ ፀሐይ እየመታት የምትጠብቅበት ቀን ማታ ቤት ምን እንደሚያስከትል እኔ አልነግራችሁም።

ሕፃን ወይም አዛውንት ከያዛችሁ አጭሩን ምረጡ፦ ደብረ ማርያምና ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አፍ። ቅርብ ነው፣ ዕድል ከቀናችሁም ጉማሬ ታያላችሁ። ጉማሬ ካያችሁ ባለጀልባውን «ጠጋ በልልን» አትበሉት፤ ራቅ ብሎ ቢቆም ይመረጣል። ያ የተኛ የሚመስል ጆሮ ከሥሩ ቶን የሚያልፍ ክብደት አለበት፣ ጀልባም ይገለብጣል። እዚያው ላይ ሳላችሁ ባለጀልባው ዓባይ ጣናን ሳይቀላቀል ሰንጥቆ እንደሚያልፍ ይነግራችኋል። ሲተረክ የኖረ ነው፤ አትከራከሩት፣ ስሙት።

እግር ያለው ደግሞ ዘጌ ይሂድ። በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከወደቡ እስከ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያለው ዳገት መጠነኛ ነው፣ የምትሄዱትም ከላይ እስከ ታች በቡና ጫካ ውስጥ ነው። በትረ ማርያም የተባሉት አባት በትራቸውን ሰባብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ ይላሉ የአገሩ ሰዎች። በዚህ የተነሳ በሬ ጠምዶ ማረስ በዘጌ አይፈቀድም ነበር፣ ጫካውንም ያቆየው ይኸው ነው። በመንገዱ ዳርና ዳር ትንንሽ ታንኳ፣ መስቀልና በብራና የተሳለ ሥዕል የሚሸጡ ይቀበሏችኋል። ካልገዛችሁ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላችሁ እለፉ፣ ስትመለሱ ግን «ስመለስ» ያላችሁትን አይረሱላችሁም።

ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው። የመግቢያውን ከፍላችሁ ካርኒ ተቀበሉ፣ ጫማ አውልቁ፣ ነጠላ ልበሱ፣ የካሜራችሁን መብራት አጥፉ። ከዚያ መቅደሱን በዝግታ ዙሩት፤ ግድግዳው ከታች እስከ ላይ ሥዕል ነው። ሁሉንም ለማየት አትሞክሩ፣ ያደክማል። አስጎብኚውን «በላዔ ሰብእ የቱ ነው?» በሉትና እሱ ፊት ቁሙ። ሰው ሲበላ የኖረው ያ ሰው ለአንድ የተጠማ ሰው በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ ሰጥቶ ኖሮ፣ ነፍሱ ሚዛን ላይ ስትወጣ ያቺ ጥርኝ ውሃ ከበላቸው ሁሉ መዝና ተገኘች። ይህን ያህል ውሃ ተሻግሮ መጥቶ ስለ አንድ ጥርኝ ውሃ መስማት የራሱ ጣዕም አለው።

መዋኘትስ?

ልብሳቸውን አውልቀው ከድንጋይ ላይ የሚዘሉ ልጆች ታያላችሁ። ሙቀቱም ይጋብዛል። አትግቡ።

ጣና ውስጥ ቢልሃርዝያ አለ። ተባዩ በዳርቻው ሣርና ደለል መካከል በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ አድጎ ወደ ውሃው ይወጣል፣ ከዚያ የሰው ቆዳ ላይ አርፎ ሳታውቁት ይገባል። ዋና የሚያምርበት፣ ልጅ እግሩን ነክሮ የሚጫወትበት ያ ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ነው ዋናው መያዣው። በሽታው የሚታወቀው ሳምንታት ቆይቶ ነው፣ ያኔ ማንም ጣናን አያስታውስም። መድኃኒት አለው፣ አስቸጋሪም አይደለም፤ ግን ለአንድ ቀን ዋና ብሎ ሐኪም ቤት መመላለስ ምን ይሉታል? ከጀልባ ስትወርዱ እግራችሁ ውሃ ከነካ ቶሎ በፎጣ ጥርግ አድርጉት።

መዋኘት ያማራችሁ ከሐይቁ ዳር ትልልቅ ሆቴሎች መካከል ገንዳ ያላቸውን ደውላችሁ ጠይቁ፤ ኩሪፍቱ አንዱ ነው። በገንዳው ውስጥ ሆኖ ሐይቁን ማየት፣ ሐይቁ ውስጥ ሆኖ ስለ ገንዳው ከማሰብ ይሻላል።

ምሳ፦ ዓሣ፣ ያውም በቀን

ዓሣ ጣና ዳር የምሳ ምግብ ነው። መረቡ የሚወጣው ጠዋት ስለሆነ፣ እራት ላይ የሚቀርብላችሁ ቀኑን ሙሉ ሲጠብቃችሁ የዋለ ነው። ሦስቱን በስም እወቁ። ቆሮሶ ሰፋ ያለ፣ ሥጋው ነጭ፣ እሾሁ ለመለየት የሚቀል ነው፤ ለልጆች ይህን እዘዙ። አምባዛ ሪዛም ነው፣ ሥጋው ወፍራምና ቅባት ያለው፣ ለጉላሽ ይሆናል። ነጭ ዓሣ የምንለው ደግሞ የጣና ጉድ ነው፦ ሳይንቲስቶች በዚህ አንድ ሐይቅ ውስጥ 15 ያህል በሌላ ስፍራ የማይገኙ ዝርያዎቹን ለይተዋል። ጣዕሙ ደስ ይላል፣ እሾሁ ግን ቀጫጭንና ሹካ መሳይ ነውና እያወሩ አይበላም። አብዛኞቹ ዝርያዎች በክረምት መጨረሻ እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዞቹ ሲወጡ በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ ይጠብቃቸዋል፤ ቁጥራቸው የተመናመነበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው። እኔ በነሐሴና በመስከረም ቆሮሶ አዛለሁ።

ምግብ ቤቱ ካሳያችሁ ዓሣውን ጥሬውን እዩት። ዓይኑ ያበጠና የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ ይሁን። ዓይኑ ጎድጉዶ ስንጥቡ ቡናማ ከሆነ ሽሮ እዘዙ፣ ባሕር ዳር ሽሮውም መጥፎ አይደለም። ትኩሱ ከተገኘ ሙሉውን ጎኑን ተተልትሎ በዘይት ይጠበስላችሁ፣ ሎሚ ጭመቁበት፣ አዋዜ በጎን፣ በእጅ ብሉ። ጥሬ ወይም ለብለብ ዓሣ እዚህ አልመክርም። በጾም ወራት ዓሣ የሚበላው ሰው ስለሚበዛ ቀድሞ ያልቃል፤ ከስድስት ሰዓት ተኩል በፊት ተቀመጡ።

ቀትር፦ ምንም አለማድረግ

ይህ ክፍል ለአዲስ አበባ ሰው ከባዱ ነው። ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ምንም አታድርጉ። ውሃው ዳር ከሆኑት ሆቴሎች ወደ አንዱ ግቢ ግቡ፤ የድሮው ጊዮን ይሁን ማንጎ መዝናኛ፣ ዛፍ ያለበት ይሁን ብቻ። ቡና ታዘዛለች፣ ፈንዲሻ ይመጣል፣ ነፋሱ ቅጠሉን ያንኮሻኩሻል፣ ጠዋት ያመለጣችሁት ማዕበል አሁን ድንጋዩን ሲመታ እየሰማችሁ ሌሎች ጀልባ ላይ ሲንገላቱ ታያላችሁ። ስልካችሁን ቦርሳ ውስጥ ክተቱት።

በዚህ ሰዓት አንድ ሰው ይነሳና «ጢስ ዓባይ ደርሰን ብንመለስስ?» ይላል። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቅርብ ይመስላል። ከፍታው 40 ሜትር ገደማ የሆነው ያ ፏፏቴ በክረምት መውጫ ሲሞላ በእርግጥ መታየት አለበት። ነገር ግን ውሃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ ሄዳችሁ ክር የምታክል ውሃ ልታገኙ ትችላላችሁ። ለሱ የራሱን ጠዋት ስጡት፤ ከመሄዳችሁም በፊት ውሃው መኖሩንና መንገዱን ጠይቁ።

ውሃው ላይ አረንጓዴ ክምር ከነሐምራዊ አበባው ሲንሳፈፍ ብታዩ «እንዴት ያምራል» ብላችሁ ነቅላችሁ እንዳትወስዱ። እምቦጭ ነው። በጣና ላይ መታየት ከጀመረበት ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ወዲህ ገበሬው አንገቱ ድረስ ውሃ ውስጥ እየገባ በእጁ ሲነቅለው የኖረ አረም ነው። ቁራጩ ወድቆ በሌላ ውሃ ይራባል።

ማታ

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐዩ ሲበርድ ተነሱ። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፣ ዘንባባ ያጀባቸው መንገዶቿም ለብስክሌት የተሠሩ ይመስላሉ። እዚህ ሴቱም ተማሪውም ሽማግሌውም በብስክሌት ነው የሚሄደው። የሚያከራይ ካገኛችሁ ተከራዩ፤ ፍሬኑን ግን ከመክፈላችሁ በፊት ሞክሩት። ካልሆነም የሐይቁን ዳር ዳር በእግር ሂዱ። ልጅ ከያዛችሁ እጁን ያዙ፤ አጥር የሌለው ዳርቻ ብዙ ነው።

ፀሐይዋ ስትገባ ከውሃው ማዶ ማየት የፈለገ ወደ ጣና ሆቴል በኩል ይሂድ፤ እዚያ ፊቱ ወደ ምዕራብ ነው። 12 ሰዓት ሳይሞላ ቦታ ያዙ። እዚህ አገር ፀሐይ አትንዛዛም፤ አንዴ ውሃውን ከነካች ሻያችሁ ሳይበርድ ትጨርሳለች። ከዚያ በኋላ ያለችው ግማሽ ሰዓት የትንኝ ናት። እጅጌያችሁን አውርዱ፣ ቅባቱን ተቀቡ፣ ማታ መንቀሳቀስ እስከሚፈቀድበት ሰዓት ድረስም ወደ ማረፊያችሁ ግቡ። ክፍላችሁ አጎበር ከሌለው ጠይቁ፣ ካለው ደግሞ ቀዳዳ እንደሌለው እዩና ጠርዙን ፍራሹ ሥር አስገቡት። በተለይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሕር ዳር ላይ ወባ ቀልድ አይደለም።

ቤታችሁ ከገባችሁ ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከጀመራችሁ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትተኙ። ሐኪም ቤት ሄዳችሁ መጀመሪያ «ጣና ዳር ነበርኩ» በሉ።